የሳሳውን አጥር ከራሱ ቅርንጫፍ መሙላት

በጊቫት ኦልጋ ለአረጋውያን የተደረገ ንግግር



ከራቫሃ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ቅጽ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ ዛሬ የያዝኩት የአትክልት መቀስ ነው። ላወራችሁ የመጣሁት ስለ አጥር ነው፤ ከሕንፃዎቻችን ሥር፣ በግቢውና በመንገዱ መካከል ስላለው የቅጠል አጥር። በዕብራይስጥ «ጋደር ሐያ» ይሉታል። ሐያ ያው ሕያው ማለት ነው፣ ቃሉ ከኛው ቃል ጋር ዘመድ ነው።

«ይቺ ልጅ ማኅበራዊ ሠራተኛ አይደለችም እንዴ? ከአጥር ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልንገራችሁ። ቤት ለቤት ስዞር ሁልጊዜ ከምጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ወደ ታች ወርደው ይቀመጣሉ ወይ?» የሚል ነው። መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ጉልበቴ ነው፣ ሙቀቱ ነው። ቶናው ሲቀዳ ግን ሌላው ነገር ይወጣል። ግቢው ተገላልጧል፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያል፣ ኮርኪኔት የሚነዳው ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ በወንበሩ ፊት ሽው ብሎ ያልፋል። እና ሰው ቤቱ ይቀራል። ቤቱ የቀረ ሰው አይራመድም፣ ከጎረቤት ጋር አይጫወትም፣ ቢታመም እንኳ ቶሎ የሚያውቅለት የለም። የኔ ሥራ ከአጥሩ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

አጥር በአንድ ቀን አይሳሳም። መጀመሪያ አንዲት ተክል ትደርቃለች። ማንም አይተካትም። ልጆች ኳስ ለማምጣት በዚያ ይሾልካሉ፣ ከዚያ ትልቁም ሰው ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ያቋርጣል። አፈሩ በእግር ተረግጦ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ውሃም ሥርም አይገባውም። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ችግኝ ገዝቶ ቢተክልበት በበጋው ይሞትበታል፤ «እዚህ ቦታ ምንም አይበቅልም» ይባላል። ከዚያ የቫዓድ ባይት ስብሰባ ይጠራል። ይነቀልና የብረት አጥር ይሠራ ይባላል፣ ወጪው ለየቤቱ ይካፈላል። በእርጅና አበል ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኔ የምላችሁ፣ ብረቱ ከመምጣቱ በፊት አጥሩን ከራሱ ቅርንጫፍ መሙላት ይቻላል ነው። ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ነው የሚጠይቀው፤ ሁለት ዓመት ገደማ፣ እና ውሃ የሚያጠጣ ሰው።

አሁን እኔ እዚህ ሀገር ተወልጄ ለናንተ ስለ መትከል ላስተምር ነው? አይደለም። ሀገር ቤት አጥር ስታጥሩ የኖራችሁ እናንተ ናችሁ። ሰንሰል ታውቃላችሁ፤ ክረምት ሲገባ ቅርንጫፉን ሰብሮ መሬት ላይ መሰካት ነው፣ ይይዛል። ቅንጭብም እንደዚያው። አጋም አለ፣ ቁልቋል አለ። የእጁን ሥራ ከኔ አትማሩም። እዚህ የተለወጠው ግን ዓመቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚከስረውም በዚህ ይመስለኛል።

ጎንደር ላይ ዝናቡ ሰኔ ይጀምርና መስከረም ያልቃል። ሀደራ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ሰኔ ማለት ድርቁ የሚገባበት ወር ነው፤ እስከ ሱኮት ድረስ ጠብ የሚል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዝናቡ ከሱኮት በኋላ መምጣት ይጀምራል፣ ዋናው ዝናብ በታኅሣሥና በጥር ነው። ስለዚህ እጃችሁ የለመደው «ሰኔ ሲገባ ሰካ አድርጎ መተው» እዚህ ተክሉን መግደል ነው። የቅርንጫፍ መቁረጫ ጥሩው ጊዜ ከሱኮት እስከ ሲግድ ያለው አምስት ሳምንት ገደማ ነው። ሙቀቱ በርዷል፣ መሬቱ ግን ገና አልቀዘቀዘም። ቅርንጫፉም የዓመቱን እድገት ጨርሶ ጠንከር ብሏል።

ስለ ቦታችንም ትንሽ ልበል። ሀደራ የሚለው ስም አረንጓዴ ከሚል የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። ከተማዋ በ1891 ስትቆረቆር ግን ያ አረንጓዴ ረግረግ ነበር፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ በወባ አለቁ። ረግረጉን ለማድረቅ ቦይ ተቆፈረ፣ ባሕር ዛፍም ተተከለ። ባሕር ዛፍ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ ለናንተ አልነግርም፤ በምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን የሸፈነው ያው ዛፍ ነው። በከተማችን ትልልቅ ባሕር ዛፎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። አጥራችሁ የሳሳው ባሕር ዛፍ አጠገብ ከሆነ ምክንያቱን ሩቅ አትፈልጉ። እዚያ ላይ ታፍታፎት፣ ያቺ ውሃ የምታንጠባጥበው ቀጭን ቱቦ፣ ካልተዘረጋ በቀር ልፋት ነው።

እዚህ ጊቫት ኦልጋ ደግሞ ባሕሩ ቅርብ ነው። ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል፣ አፈሩ አሸዋማ ነው፣ ውሃ አይዝም። በባሕሩ በኩል ያለው ቅጠል ጫፉ ብቻ ተቃጥሎ ካያችሁ የጨው ነገር ነው እንጂ በሽታ ላይሆን ይችላል። እና አደራ፣ ለችግኝ ብላችሁ ከባሕር ዳር አሸዋ እንዳታመጡ። ጨው አለበት።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ አጥራችሁ ምን ተክል እንደሆነ እወቁ። ስሙን ካላወቃችሁ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ማሽቴላ፣ ችግኝ የሚሸጡበት ቦታ፣ ወስዳችሁ ጠይቁ፤ ይነግሯችኋል። ይህን ማወቅ ያስፈለገው የአጥሩ ቀዳዳ በሌላ ዓይነት ከተሞላ አንዱ ቶሎ ሌላው ቀስ ብሎ ያድግና አንዱ ሌላውን ስለሚያፍነው ነው። ከዚያው አጥር ከተቆረጠ ቅጠሉም ፍጥነቱም አንድ ይሆናል። አጥሩ በሙሉ የታመመ ከሆነ ግን ከእሱ አትቁረጡ፤ በሽታውን ነው የምታባዙት።

በሽኩናችን በብዛት የማያቸውን ጥቂት ልጥቀስ።

ሮዝማሪን፣ ማለት የጥብስ ቅጠል፣ ለጀማሪ ከሁሉም ይቀላል። ጨውም ድርቅም ይችላል። ዕድሜው ሲገፋ ከታች እንጨት ብቻ ይሆንና ይራቆታል። ያንን ራቁቱን እንጨት ብትከረክሙት መልሶ አያቆጠቁጥም፤ ስለዚህ አዲስ ከጎኑ መትከል ግድ ነው።

ካሪሳ የሚባለውን እሾሃማ አጥር አይታችኋል? ነጭ ኮከብ የመሰለ፣ የሚሸት አበባ አለው፣ ፍሬው ቀይ ነው። ልብ ብላችሁ እዩት። የአጋም ዘመድ ነው! ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የአጋም ወገን ነው፣ ቅጠሉ ከኛው ሰፋ ይላል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል። በጣም ሲበስል ፍሬው ይበላል። የባሕሩን ነፋስ ይችላል፣ እሾህ ስላለው ኮርኪኔቱንም ያስቆማል። ቅርንጫፉ ሥር ለማውጣት ግን ከሮዝማሪን ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከሁሉም እኔ የምወደው ሀዳስን ነው፣ የሱኮቱን ሀዳስ። ሀገር ቤት አደስ ትሉት የነበረው፣ ለፀጉር ቅቤ መዓዛ የሚገባው፣ ተክሉ አንድ ነው። ስሙም እኮ ያው ነው፤ ሀዳስ፣ አደስ። የልጅ ልጃችሁ አማርኛ አልሰማም ሲላችሁ አንድ ቅጠል ጨምቃችሁ አሽትቱት፣ ይቺን ቃል አስቀድሞ ያውቃታል። ሀዳስ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አይጥልም፣ ጥቅጥቅ ብሎም ያድጋል። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ይህን ላስጠንቅቃችሁ። ደግሞ ከሎላቩ ጋር ሳምንቱን ሙሉ የቆየውን ሀዳስ ለመትከል የሚሞክሩ አሉ፤ እሱ ደርቋል፣ አይሆንም። ከቆመ ተክል፣ በዚያው ቀን የተቆረጠ ነው የሚይዘው።

ብሮሽ፣ የጥድ ዓይነቱ አጥር፣ ለብቻው ነገር ነው። ቡናማ የሆነው ጎኑ ከአሮጌ እንጨት መልሶ አይለመልምም፣ ቅርንጫፉም በቀላሉ ሥር አያወጣም። እዚህ ላይ ከማሽቴላ ትንሽ ችግኝ መግዛት ይሻላል። ትልቅ ዛፍ የሆነውን ብሮሽ ደግሞ ደርቋል ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትቁረጡ። በሕጉ ቁመቱ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ሲለካ ግንዱ ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ዛፍ ፈቃድ ይፈልጋል።

ሀርዱፍ የሚባለው ባለ ሮዝ አበባ አጥር ውሃ ውስጥ ብታስቀምጡት እንኳ ሥር ያወጣል፤ ቅለቱ ያታልላል። ቅጠሉም ግንዱም አበባውም መርዝ ነው። ትንንሽ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ እኔ አላባዛውም። ቅንጭብም እንደዚሁ። ለሀገር ቤት ናፍቆት ብላችሁ የምትተክሉ ካላችሁ፣ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

አቆራረጡን ልንገራችሁ። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቁረጡ። አበባ ያልያዘ፣ የዘንድሮ ቅርንጫፍ፣ ከእርሳስ የማይወፍር፣ ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር። ከታች ቡናማ መሆን የጀመረ፣ ከላይ አረንጓዴ የሆነ ነው የሚፈለገው። ቅጠል ከወጣበት አንጓ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ፤ ሥሩ በብዛት የሚወጣው ከአንጓው ነውና። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ፣ የላይኛውን ተዉት። ወዲያው የማትተክሉት ከሆነ እርጥብ ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልሉት። ካሪሳ ከሆነ ወተቱ እስኪቆም በውሃ አለቅልቁት፣ ዓይናችሁንም አትንኩ።

ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የኮቴጅ ጣሳ ከታች ሦስት አራት ቦታ ቀዳድታችሁ ተጠቀሙ። አፈሩ ቀለል ያለ ይሁን፤ ግማሽ የችግኝ አፈር፣ ግማሽ ፐርላይት ወይም ታጥቦ ጨው የሌለበት የግንባታ አሸዋ። የግቢ አፈር ብቻውን ይጠብቅና ቅርንጫፉን ያበሰብሰዋል። በእንጨት ቀዳዳ አብጁና ቅርንጫፉን ሰክታችሁ ዙሪያውን በጣት ጫን አድርጉ። ሥር የሚያፋጥን ዱቄት በማሽቴላ ይሸጣል። ለሮዝማሪን ግድ አይደለም፣ ለሀዳስና ለካሪሳ ያግዛል። ከላይ ግማሹ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ድፉበት፣ እርጥበቱን ይጠብቅለታል። ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ አስቀምጡት፤ የመርፔሴት ጥግ ጥሩ ነው። በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ጠርሙሱን አንሡና አየር ይግባው፣ አለዚያ ይሻግታል።

አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ብዙ ቁራጭ የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። ሮዝማሪን በአንድ ወር ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ይይዛል፣ ሀዳስ ሁለት ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። በየቀኑ እየነቀላችሁ አትዩት! በቀስታ ሳብ ስታደርጉት ከተቃወማችሁ ሥር አውጥቷል ማለት ነው። ሁሉም አይይዝም፤ አስር ተክል ለሚያስፈልገው ቦታ ሃያ ቁረጡ። የተረፈ ካለ ለጎረቤት ይሰጣል፣ መቼም አይጣልም።

ታች ወርዶ ያለ ቅርንጫፍ ካገኛችሁ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ዘዴ አለ። ሳትቆርጡት ወደ ክፍተቱ አጎንብሱት፣ ከሥር በኩል ልጡን በትንሹ ፈቅፍቁት፣ አፈር አልብሱትና ድንጋይ ጫኑበት። ጫፉ ከአፈር ውጭ ቀና ብሎ ይቆይ። ከእናቱ እየጠጣ ሥር ያወጣል፣ በዓመቱ ከእናቱ ትቆርጡታላችሁ። በተለይ ለሮዝማሪን እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ጣሳም ጠርሙስም አይፈልግም። መጥፎ ጎኑ ልጆች ድንጋዩን ያነሡታል።

ደህና ሥር ያወጣውን ፑሪም ሳይደርስ መሬት ላይ ትከሉት፣ የቀረው ዝናብ ያግዘዋል። ደካማውን ጣሳው ውስጥ አቆዩትና ሁለተኛው ሱኮት ሲያልፍ ትከሉት። ክፍተቱን ስትቆፍሩ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አስፉት። ከጎንና ከጎን ያሉት አሮጌ ተክሎች ሥራቸውን እዚያ ዘርግተው ታገኛላችሁ፤ ወደ ጉድጓዱ የገባውን በአካፋ ቁረጡት፣ አለዚያ ሕፃኑን ውሃ ይቀሙታል። ኮምፖስት ቀላቅላችሁ ሙሉ። በላዩ የሚያጠሉትን የጎረቤት ቅርንጫፎችም ከርክሙለት። በሮዝማሪን መካከል ግማሽ ሜትር ያህል፣ ለካሪሳ ትንሽ ሰፋ ያለ ርቀት ይበቃል። ታፍታፎት ካለ አንዷ ጠብታ ከሥሩ አጠገብ መውደቋን አረጋግጡ፤ ቱቦው ብዙ ጊዜ በደለል ይደፈናል። መንገደኛ የሚያቋርጥበት ቦታ ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት ሁለት ካስማና ገመድ አድርጉበት።

የመጀመሪያው በጋ ነው ፈተናው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በማታ፣ ውሃው ወደ ታች እስኪዘልቅ አጠጡት። በየቀኑ ጠብ ማድረግ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። አጥሩን ስትከረክሙ ወይም የቫዓዱ አትክልተኛ ሲመጣ ይህን አሳስቡት፤ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይደረግ። ብዙ ጊዜ ግን ተገላቢጦሽ ነው የሚቆረጠው፤ ላዩ እንደ ጃንጥላ ይሰፋና ታቹ ፀሐይ አጥቶ ይራቆታል። ከምታዩአቸው የሳሱ አጥሮች ብዙዎቹ የተራቆቱት በዚህ አቆራረጥ ነው ብዬ አስባለሁ።

ስለ ፈቃድ። የሕንፃው ግቢ የሁሉም ነዋሪ ነው። ከመትከላችሁ በፊት ለቫዓድ ባይት ንገሩ፣ ውሃውን ማን እንደሚከፍልም በዚያው ተስማሙ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ እኔ ወይም ከባልደረቦቼ አንዱ አብረናችሁ እንገባለን። ከአጥሩ ውጭ ያለው የመንገዱ ዳር ደግሞ የኢሪያው ነው፤ በ106 ደውሉ። ቅርንጫፍም ከሰው ግቢ ስትቆርጡ ጠይቁ። ማንም አይከለክላችሁም፣ መጠየቁ ግን ጎረቤት ያተዋውቃል።

ስለ ሽሚታ የጠየቀኝ ሰው አለ። ያለፈው የሽሚታ ዓመት 5782 ነበር፣ የሚመጣው 5789 ነው፣ በ2028 ሮሽ ሃሻና ላይ ይገባል። ሥራው ሁለት ዓመት ስለሚፈልግ ቀድሞ መጀመሩ ይሻላል። ዝርዝሩን ቄሳችሁን ወይም ረባችሁን ጠይቁ፤ እሱ የኔ ቦታ አይደለም።

ስለ ሰውነታችሁ ግን የኔ ቦታ ነው። ስኳር ያለባችሁ በነጠላ ጫማ ወይም በባዶ እግር ግቢ ውስጥ አትሥሩ፤ የካሪሳ እሾህ የወጋው እግር ሳይታወቅ ይቆስላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ወፍራም ጓንት አድርጉ። ጉልበት የሚያማችሁ ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ሥሩ፣ ቁፋሮውን ለወጣት ተዉት። የውሃውን ጎማ ደግሞ መተላለፊያ ላይ ተዘርግቶ አትተዉት፤ በሱ ተጠላልፎ ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ሰው ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ውሃ የሚያጠጣው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እሱ የታመመ ሳምንት ተክሉ ይሞታል። በየመግቢያው ሁለት ሦስት ሆናችሁ ቀን ተከፋፈሉ። የማክሰኞ ተራ ያላት እናት ማክሰኞ ካልወረደች፣ የሐሙሱ ሰው በሯን ያንኳኳል።

ከሲግድ በፊት ባለው ሳምንት ማለዳ እዚሁ ሞአዶን እንገናኝ። አፈሩንና ፐርላይቱን እኛ እናቀርባለን። እናንተ መቀስና የኮቴጅ ጣሳ ይዛችሁ ኑ፤ ከግቢያችሁም አንድ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅላችሁ አምጡ።